ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ

ልጄ ሰሞኑን ከቢሮዋ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ሥራ ስለቀነሰ ግማሹ ሠራተኛ ከሚሰናበት ሁሉም ግማሽ ግማሽ ቀን እየሠራ ይካፈል ተብሎ ክርክር ላይ ናቸው። «አባዬ፣ እንዲህ ቢሆን አይሻልም?» አለችኝ። አስቤ እነግርሻለሁ ብያት ወደ ደጅ ወጣሁ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከጎንደር ወደ ኮሶዬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለመንገድ ንጣፍ የሚሆን ድንጋይ እጠርብ ነበር። ሃያ ሰዎች ነበርን። ክረምቱ እንደወጣ አሠሪያችን ከእንግዲህ በቀን ከአሥር ሰው በላይ አልፈልግም አለን። ጉልበተኞቹ ደካማው ይሂድ አሉ፤ ግማሽ ሥራ ማንንም አያጠግብም ብለው ተከራከሩ፤ እውነታቸውንም ነበር። ያስማማን አያ ወርቁ ነው፤ መሬቱ አልበቃ ብሎት ከኮሶዬ ወርዶ ከተማ ቤት የተከራየ የሦስት ልጆች አባት። ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ የባቄላ እሸት ከኪሱ እያወጣ ያድለን ነበር። «ሁላችንም እንቅመስ እንጂ፣ ምነው አንዱ በልቶ ሌላው ይበተን?» ሲል እየተፈራረቅን እንድንሠራ ሁሉም እሺ አለ።

ጽሕፈቴ ደህና ስለነበር ዝርዝሩን አንተ አውጣ ተባልኩ። አንዱ በየሳምንቱ እንፈራረቅ ቢል፣ የለም፣ በወሩ ቀን ቁጥር ይሻላል አልኩ፤ አንዱ ቡድን አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሌላው ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የማደርገውን አውቅ ነበር። ሥላሴ በሰባት፣ ማርያም በሃያ አንድ፣ ጊዮርጊስ በሃያ ሦስት፣ መድኃኔዓለም በሃያ ሰባት ነው፤ በዓሉ የሚበዛው በመጀመሪያው ቡድን ላይ ነው። በበዓል መዶሻ ካነሳሁ እናቴ ቤት አታስገባኝም፤ ስለዚህ ራሴን ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ጻፍኩ። አያ ወርቁን በመጀመሪያው። ሌሎቹ የከተማ ልጆች ስለሆኑ በበዓልም ይጠርቡ ነበር፤ እሱ ግን ቢሞት አያደርገውም። ስሙን ሳነብለት «ሸጋ ልጅ» ብሎ መረቀኝ።

ወር ሳይሞላ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ፊቱ ከስቷል፤ ልጆቹ በልተው አያድሩም ነበር።

«ልጄ፣ ቀኖቼን በዓል ጨረሳቸው። ከአንዱ ጋር ብታቀያይረኝስ?»

ዝርዝሩ እንደገና ከተነሳ ተንኮሌ ይታወቃል፣ እኔም ቀኔን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ሰው ለጥቂት ቀን ሥራ ብሎ እንዴት ይከፋል!

«አያ፣ አሠሪው ፈርሞበታል» አልኩት። አሠሪው ወረቀቱን አይቶትም አያውቅ።

«ይሁን» አለና አቧራውን አራግፎ ተነሳ።

በሳምንቱ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ወረደ። ደገኛ ነው፤ የቆላ ወባ እንደሚበረታበት ያውቃል። ኅዳር ላይ መርዶው መጣ። የተቀበረውም እዚያው ነው።

ባለቤቱን እትዬ ትርንጎን ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል። ጉንጬን ስመው፣ «ወርቁ ሁሌ ያነሳህ ነበር። ሌላው ሲገፋኝ ስሜን የጻፈልኝ እሱ ነው ይል ነበር» አሉኝ።

ልጄ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች። መካፈሉስ ደግ ነው፣ ዝርዝሩን ማን እንደሚጽፈው ግን አጥብቀሽ ጠይቂ ልላት እፈልጋለሁ። እንዲያ ካልኳት ደግሞ ለምን ትለኛለች።