የአብዱልጀሊል ሰፊ መስመር

መካነ ሰላም ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው አብዱልጀሊል ከሰው ኋላ መድረስ የሚባል ነገር አይሆንለትም። በሰፈሩ መጀመሪያ ዲሽ የሰቀለ እሱ፣ መጀመሪያ ፍሪጅ ገዝቶ ልብስ ያስቀመጠበትም እሱ ነው። መብራት እንደ ዘመድ በዓመት በዓል በሚመጣበት አገር ፍሪጅ ሌላ ምን ይቀመጥበታል?

ካድሬው በየስብሰባው “ትራንስፎርሜሽን” እያለ ጆሮ በሚያደነቁርበት በዚያ ዘመን፣ ሌላው ሰው ሞባይሉን ይዞ ጉብታ ላይ እየወጣ ዐረብ አገር ካሉ ልጆቹ ጋር ሲያወራ፣ አብዱልጀሊል ብሮድባንድ የሚሉትን ኢንተርኔት በሽቦ እስከ ሳሎኑ አስገባ። መስመር የሚዘረጉት ልጆች ሲመጡ በግ አረደላቸው። ብሮድባንድ ማለት ሰፊ መስመር ማለት ነው ብለው አስረዱት፤ መብራቷ የምትብለጨለጭ ሞደም የምትባል ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰክተውለት፣ ሥጋውን በልተው ሄዱ። የመስመሩን ስፋት እንግዲህ አሏህ ይወቀው፤ በውስጡ የሚያልፍ ነገር ግን አልነበረም። ኮምፒውተሩን ሲከፍተው አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፤ እሱ ዙህር ሰግዶ ይመለሳል፣ እሷ አሁንም ትሽከረከራለች።

ከተማው ውስጥ ካለው የቴሌኮም ቢሮ ሄዶ አቤት ቢል፣ እኛ እናስገባለን እንጂ አንጠግንም፣ በደንበኞች ቁጥር ይደውሉ አሉት። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ብሎ መደወል ያዘ። መጀመሪያ ሙዚቃ ይሰማል። ቀጥሎ የተቀዳ ድምፅ፣ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው፣ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ ይለዋል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሰው ሲገኝ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት። አጥፍቶ ያበራል፤ ያው ናት። አንዴማ አንዷ ልጅ፣ መስመሩ የተጨናነቀው በአካባቢዎ ብዙ ተጠቃሚ ስላለ ነው አለችው። በሰፈሩ ያስገባው እሱ ብቻ ነው! ስልኩን ዘግቶ ሚስቱን ኑርጃንን በጥርጣሬ ዓይን ዓይኗን አያት።

እንዲህ ባለበት ሰሞን ነው የጁማና ኒካህ የመጣው። ጁማና የበኩር ልጁ ናት፤ ኩዌት ሰው ቤት እየሠራች ቤተሰቡን ያቆመች እሷ ናት፤ ከሄደች ጀምሮ ፊቷን አላየውም። ሊያገባት የጠየቀው ጠልሐ የሚባል እዚያው ሹፌር የሆነ የኩታበር ልጅ ነው። ቃል የሚያስሩትም እዚያ ያሉ የአገራችን ሸህ ናቸው። የአባትየው “ድሬልሃለሁ”ና የልጁ “ተቀብያለሁ” በአንድ መቀመጫ መሰማት አለበት፤ ካልተሰማ ኒካህ የለም። የሰፈሩ ሽማግሎች ታዲያ ተራ ስልክ ይበቃል ብለው መከሩት።

“ወላሂ፣ ፊቷን እያየሁ እንጂ አልድራትም!” አለ አብዱልጀሊል።

ግማሹ ጉራው ነው። ግማሹ ግን፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ የልጁ ናፍቆት አንጀቱን ሲበላው ነው፤ ይህን አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ።

ጁምዓ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ኮምፒውተሩ ከፍ ካለ ቦታ ተቀመጠ። ማሻአላህ፣ ጁማና ብቅ አለች! በነጭ ሻሽ ተሸፋፍና፣ ከስታ፣ አምራ። አፏን ልትናገር ከፈት አደረገችና እንደዚያው ቀረች፤ ምስሉ ደርቆ ቀረ። አብዱልጀሊል ጉሮሮውን ጠርጎ “ድሬልሃለሁ” አለ። አልተሰማም። ጮኾ አለ። ከወዲያ ማዶ የሸሁ ድምፅ ተቆራርጦ፣ አልሰማንም፣ ሌላ ቦታም ኒካህ ይጠብቀኛል አለና እሱም ጠፋ።

አብዱልጀሊል በስልክ ይሁን መባሉን አልሰማ ብሎ፣ ሞባይሉን ይዞ ወደ ግቢ ወጣና የደንበኞችን ቁጥር መታ። ሙዚቃው ጀመረ። ጁማና በዚያው በሞባይሉ ብትደውል መስመሩ ተይዟል፤ ደግማ ብትደውል ተይዟል። ኑርጃን ሲጨንቃት የጎረቤታቸውን የካሳን ባለ ባትሪ ስልክ ተውሳ ለልጇ ሚስኮል አደረገች። ልጅቱ ወዲያው መልሳ ደወለች፤ ድምፅዋ ደግሞ ጥርት ብሎ፣ ከጓዳ የምትናገር ነው የሚመስለው።

የአብዱልጀሊል አባት፣ ልጆችን ቁርኣን ሲያስቀሩ ያረጁት ሸህ አሕመድኑር፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ግቢ ወጡ።

“ልጄ፣ ሸሁ ሊሄዱ ነው። ልጅቱ በካሳ ስልክ አለች። ና ቃልህን ስጥ፣ አለዚያ ውክልናውን ለኔ ስጠኝ።”

“ሰጥቼዎታለሁ አባ፣ ሰጥቻለሁ” አለ ፊቱን እንኳ ሳያዞር። “ብቻ ተዉኝ፣ ተራዬ ሊደርስ ነው።”

አይ አብዱልጀሊል! ተራው ደረሰ፤ መድረሱስ ደረሰ። አንድ ልጅ በለሰለሰ ድምፅ እንደምን ዋሉ ጌታዬ፣ ምን እንርዳዎ ሲለው፣ ልክ ያኔ ከሳሎን እልልታው ቀለጠ። አብዱልጀሊል ወደ ሳሎኑ በር እያየ፣ እንደ ምንም ብሎ መስመሩ አይሠራም አለ። ሞደሙ አጠገብ ይሂዱ ተባለ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ገባ። ሰው ሁሉ መብሩክ፣ መብሩክ እያለ ትከሻውን ይመታዋል። ጁማና ኮምፒውተሩ ላይ አፏን ከፈት እንዳደረገች አለች። ኑርጃን እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች።

“ምን አለች?” አላት ቀስ ብሎ።

“ ‘አባዬስ?’ አለች።”

“ምን አላችኋት?”

“ስልክ ላይ ነው አልናት።”

አብዱልጀሊል እጁን ሞደሙ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ቢያጠፋው ያቺው የደረቀች ፊቷም ልትጠፋ ነው። ከጆሮው ያልወረደው ስልክ “ጌታዬ፣ አጠፉት?” ይለዋል።