አጥሩ ላይ የተሰጣው ነጠላ

ቤታችንን የሠራነው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ማኅበር ከአቃቂ በሰቃ ወጣ ብሎ ቦታ ተመርቶ ነበር፤ ለእኛም አንድ ቁራሽ ደረሰን። ቀድሞ ሽምብራ ይዘራበት የነበረ ጥቁር መሬት ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ጫማ ያስቀራል።

ሽምብራውን ይዘሩ የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው። የእናቴ እኩያ ይሆናሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ እናት እንደማለት። ማሳቸው ለማኅበሩ ሲሸነሸን ቤታቸው፣ ጓሯቸውና አንድ የውሃ ጉድጓድ ቀረላቸው። የውሃ ጉድጓዱ ከአጥራችን አራት እርምጃ ቢርቅ ነው። ቧንቧ ወደ ሰፈሩ ስላልገባ ለግንባታ የሚሆነንን ውሃ የምንቀዳው ከእሳቸው ነበር። በየጠዋቱ ገመዱንና ጀሪካኑን አጥሩ ላይ ያንጠለጥሉልናል። አንድም ቀን “በቃችሁ” ብለውን አያውቁም።

የቤቱን ንድፍ የሣልነው ራሳችን ነን፣ በካሬ ደብተር ላይ። ሦስት መኝታ ክፍል፣ ሳሎን፣ በጎን በኩል ማድቤት። ማድቤቱ የእኔ ሐሳብ ነው። እስከዚያ ዕድሜዬ የኖርኩባቸው ቤቶች ማድቤት ሁሉ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ድስት ይዞ በዝናብ መሮጥ ነው። ከሳሎን በአንድ በር የሚገባበት፣ መስኮቱ ሥር ዕቃ ማጠቢያ ያለው ማድቤት ፈለግሁ። በደብተሩ ላይ ስንት ጊዜ አጥፍቼ እንደሣልኩት አላስታውስም።

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ቦታ ግን ማንንም አላከራከረም። የመጣጩ መኪና ቱቦ የሚደርስበት መሆን ስላለበት በር አጠገብ ይሁን ተባለ። በር አጠገብ ማለት በአዴ አጥር በኩል ማለት ነው።

ቆፋሪዎቹ ጥቁሩን አፈር ጨርሰው ከሥሩ ጠጠራማ ነገር ላይ ደረሱ። ግንበኛው፣ ቀጭንና ቀልደኛ ሰው፣ አንድ በርሜል ውሃ አስደፋበትና በማግሥቱ ጠዋት እኔንና ባለቤቴን ጠራን። ጠብታ አልቀረም።

“ጋሼ፣ ይሄ ጉድጓድ አይደለም፣ ሰካራም ነው” አለ። “የሰጡትን ይጠጣል። ታቹን ሲሚንቶ አናስነካውም፣ ዙሪያውን በደረቅ ድንጋይ እንክበዋለን። የልጅ ልጅ ያያሉ፣ ይሄ ግን አይሞላም።”

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ባዶውን በርሜል እያየሁ ነበር።

“ወዴት ሄደ?” አልኩ።

“ማን?”

“ውሃው።”

“ወደ አገሩ ነዋ፣ እትዬ!”

የጉድጓዱ ክዳን፣ ሶሌታው፣ ቅዳሜ እንዲሞላ ተቀጠረ። ከዚያ በላይ መቆየት አይቻልም፤ ዝናቡ ከጀመረ የተቆፈረው ይናዳል። ሰኞ ነበር። በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአዴ የውሃ ጉድጓድ ከእኛ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ዓይኔ ያያል። ግን ማየት ማስረጃ አይሆንም፤ ባለቤቴም “አፈሩ ያጣራዋል” ብሎ ጨርሶታል።

እኔ በፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል የቀለም መዝጋቢ ነበርኩ። ረቡዕ ዕለት ዋናውን ቀለም አዋቂ ትንሽ ሰማያዊ ዱቄት ለመንኩት።

“ምን ልታቀልሚበት?”

“መጋረጃ” ብዬ ዋሸሁ። ቆየት ብዬ “ሆድ ቢገባ ክፉ ነው?” አልኩት።

“መጋረጃውን ልትበይው ነው?” ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። መልስ ግን አልሰጠኝም።

ያን ዕለት ሠራተኞቹ ሲሄዱ ዱቄቱን በበርሜል ውሃ በጥብጬ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለአዴ መንገር ነበረብኝ፤ እሱንም አላደረግሁም። መንገር ማለት ውሃዎን ልናበላሽ እንችላለን ብሎ ማመን ነው። ያንን ከአፌ ካወጣሁ በኋላ ደግሞ ዝም ብዬ ቤት መሥራት አልችልም። ቀለሙ ቢናገርልኝ መረጥኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉም የከፋው ሥራዬ ይሄ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ልጆች አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ከማንም በፊት አንድ ጀሪካን ቀድቼ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ጥርት ያለ ነው። ማታም እንደዚያው። አርብ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ጠዋት የቀዳሁትም ጥሩ መሰለኝ፤ ቀኑ ደመናማ ስለነበር ሳህኑን እያዞርኩ ደጋግሜ አየሁት። አዴ ከደጃቸው ሆነው ያዩኛል። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ መለሱልኝ።

እኩለ ቀን ገደማ ቀና ስል አጥሩ ላይ ነጠላ ተሰጥቷል። አዴ ልብስ የሚያሰጡት በወዲያኛው በኩል፣ ፀሐይ በሚያገኘው ነው። ይሄኛው ወደ እኛ ዞሮ ነው የተሰጣው። ነጭ ነበር፤ አሁን ግን ከጥለቱ በላይ ያለው በሙሉ ስስ ሰማያዊ ሆኗል። ሳህኑ ላይ ያልታየኝን ጨርቁ ይዞታል። ያንን ቀለም ዓመታት ሙሉ መዝግቤዋለሁ። አልተሳሳትኩም።

ባለቤቴና ግንበኛው ለሶሌታው ፌሮ እያሰሩ ነበር።

“ነገ ሶሌታ አይሞላም” አልኩ።

“ለምን?” አለ ባለቤቴ።

ነጠላውን አሳየሁትና ያደረግሁትን ነገርኩት። ሽቦ ማሰሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

“ሳትነግሪኝ?”

“ብነግርህ አታስደፋኝም ነበር።”

ግንበኛው ጣልቃ ገባ። “እትዬ፣ እንዲህ ያለ ውሃ የሚጠጣ ጉድጓድ ለማግኘት ስንቱ ይሳላል መሰልዎት። እርስዎ ይደፈን ይላሉ?”

“ይደፈን።”

“እሺ፣ ወዴት ይሂድ?” አለ ባለቤቴ። ድምፁ ከፍ ብሏል፤ ቆፋሪዎቹ ሥራ አቁመው ያዳምጣሉ። “ከኋላ ካልሽ የመኪናው ቱቦ አይደርስም። ግራና ቀኙን ቤት ይዞታል። በጣራ ላይ ልናሳልፈው ነው?”

“በማድቤቱ በኩል ይለፍ። መሠረቱ ድንጋይ አልገባበትም። ማድቤቱ ይቅርና መተላለፊያ ይሁን። ጉድጓዱ ከኋላ፣ ከአዴ አጥር በራቀው ጥግ ይቆፈር፣ ታቹም ጎኑም በሲሚንቶ ይለሰን።”

“ይሞላል እኮ” አለ ግንበኛው።

“ይሙላ። ሲሞላ ይመጠጣል።”

ባለቤቴ “ማድቤቱ?” አለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሄደና የማድቤቱን ልኬት የያዘውን ችካል አንድ በአንድ ነቀለ፤ ሲባጎውን በእጁ ላይ ጠቀለለው። እዚያው ቆሜ እስኪጨርስ አየሁት።

ከዚያ ወደ አዴ ሄድኩ። የውሃ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“አዴ፣ ቀለሙን የጨመርኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። በርሜል ብቻሽን ስትገፊ አይቼሻለሁ።”

“ልጆቹ ጠጥተውታል?”

“አልጠጡም። ጉድጓዳችሁ መቆፈር ከጀመረ ወዲህ የምንጠጣው ከቦኖ ነው።”

ቦኖው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ልጆቹ ጀሪካን ተሸክመው ሲመላለሱ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁም።

“ለምን አልነገሩኝም?”

“ሲቆፈር ማን ጠየቀኝ?” አሉ። “ማሳው ሲለካስ ማን ጠየቀኝ? አንቺስ ቀለሙን ስትደፊ ነገርሽኝ?” ድምፃቸውን አላነሱም። “ነጠላውን በጉድጓዱ ውሃ አጥቤ እዚያ ያሰጣሁት እንድታይው ነው። ቀለም ታውቂያለሽ ብዬ።”

“ይደፈናል” አልኩ።

“ይደፈን እንግዲህ።”

አላመሰገኑኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

የሚቀጥለውን ሳምንት የአዴን የውሃ ጉድጓድ ቀለሙ እስኪጠራ እየቀዳን ስናወጣ ሰነበትን። የወጣው ውሃ አልተጣለም፤ ለአዲሱ ጉድጓድ ሲሚንቶ ተቦካበት። ግንበኛው አካፋውን ተደግፎ “ግድግዳውንም በዚሁ ብንሠራው ከቀለም ቀቢ ተገላገላችሁ” ሲል ባለቤቴ ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የአዲሱ ጉድጓድ ሶሌታ በተሞላ በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ገባ።

ለአዴ አዲስ ነጠላ ገዝቼ ወሰድኩ። ተቀብለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

ቤቱን በመስቀል ማግሥት አስመረቅን። አዴ የመጡት ሰማያዊውን ነጠላ ለብሰው ነው። ሳሎን ይግቡ ስንላቸው እምቢ አሉና በመተላለፊያው ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ተከተልኳቸው። አዲሱን ክዳን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ወደ አጥራቸው እየተራመዱ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ። “ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…” አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም።

ተመልሰው ሳሎን ገቡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ። “ውሃ ስጪኝ” አሉ።

ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ያው ጠዋት ከእሳቸው የተቀዳው ነው። በብርጭቆ አቀረብኩላቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት። ሰው ሁሉ ያወራል፣ እኔ የብርጭቆውን ማስቀመጫ እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ከዚያ ጠጡት፣ እስከ ታቹ።