ቅጠሉ የተገኘበት ግንብ

ማንበብ የተማርኩት ሠላሳ አራት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው፤ በሰው አገር፣ ዴም በሚባል ሰፈር፣ ዓርብ ዓርብ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል። መምህራችን፣ "በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ፤ ያልተጻፈ ፊደል ይጠፋል" አለን። ምን ልጻፍ? ጀብራ በሚባል ሌላ ሰፈር በሰው ቤት እሠራለሁ፤ ቀኔ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሚለያየው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ማለዳ ሆሹን፣ ያው ግቢውን፣ ስጠርግ የኒሙን ዛፍ ቅጠል የማገኝበት ቦታ። ነፋሱ ሌሊቱን ወደ አንዱ ግንብ ሥር ሰብስቦ ይቆየኛል። እሱኑ ጻፍኩ።

"ዛሬ ቅጠሉ ደቡብ ግንብ።" "ዛሬም ደቡብ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልዘለልኩም። ቀጥ ብሎ ያልሄደ መስመር ካየሁ ላጲስና ማስመሪያ አነሣለሁ። የማገለግላቸው ሐጃ፣ "ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይሄ ደብተር ባል ሆነብሽ እኮ!" እያሉ ይስቁብኛል።

ሐጃ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሆሹ ውኃ ተረጭቶ፣ ኒሙ ሥር ተቀምጠው ሻይ ሳይጠጡ ቀኑ አይመሽላቸውም ነበር። ያንን አጡ። ጦርነቱ ከተማዋን ሳያገኛት በፊት፣ ሰፈሩ የጠረገውን ቅጠልና ሣር ከቤታችን በስተምዕራብ ባለው ባዶ ቦታ ይጥል ነበር፤ ልክ በሻዩ ሰዓት አንዱ ክብሪት ይጭርበታል። ጭሱ ሲነሣ ሐጃ ደረታቸው ይዘጋል። መስኮት ዘግተው፣ ሻያቸውን አልጋ ላይ መጠጣት ከጀመሩ ሰነበቱ።

ለዚህ መላ ያመጣው መሐንዲስ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ነው። ቅጠሉ ከሚቃጠል ይከመር፣ ውኃ ይጠጣ፣ በየሳምንቱ ይገላበጥ፣ ብስባሽ ሆኖ ለሰፈሩ ዛፎች ይዋል አለ። ፕላን ነደፈ። የሰፈሩ ኮሚቴ ግን ቦታውን ለመፍቀድ የአዋሳኝ ቤቶችን ሁሉ ፊርማ ጠየቀ። አንድ ፊርማ ብቻ ቀረ። እሱም ከባዶው ቦታ በስተሰሜን የሚኖሩት የሐጂ ነው፤ ሐጂ የጥንት ባቡር ነጂ፣ እርግብ አርቢ ናቸው።

ሐጂ መጡ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። መሐንዲሱ ጣቱን በደቡቡ ጫፍ ላይ አሳረፈ።

"ክምሩ እዚህ ነው፣ ሐጂ። ነፋሱ ከሰሜን ስለሚመጣ ሽታውን ከቤትዎ ያርቀዋል።"

"ይሄን የሠራኸው መቼ ነው?"

"ባለፈው ወር።"

"በብርድ! ወረቀትህ ኸሪፍን ያውቃል? ዝናቡ ሲመጣ ነፋሱ ይገለበጣል። የረጠበ ቅጠል ደግሞ ያኔ ነው የሚሸተው። በማን አፍንጫ ሊያልፍ ነው? አልፈርምም፣ ወላሂ!"

"ያን ያህልማ አይገለበጥም" አለ መሐንዲሱ፣ ጆሮው እየቀላ።

ሻዩን ይዤ ቆሜ ነበር። በእንግዳ ፊት አፌን ከፍቼ አላውቅም። ነገር ግን ስሕተት ተጽፎ ሳይ ዝም ማለት አልችልበትም።

"ይገለበጣል" አልኩ።

ሦስቱም ዞሩ። ትሪውን አስቀምጬ ደብተሬን አመጣሁ። በአማርኛ ስለተጻፈ እያነበብኩ ወደ ዐረብኛ መለስኩላቸው። ብርዱን ሁሉ ደቡብ፣ ደቡብ፣ ደቡብ። ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወራት፣ ሲገባ፦ ሰሜን፣ ሰሜን፣ ሰሜን። ሐጂ አላመኑኝም።

"ለእኔ ደስ እንዲለኝ አሁን የምትፈጥሪው ቢሆንስ? ያ ትልቁ ሀቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ የእርግብ ቤቴን የገነደሰ ለት፣ ምን ጽፈሻል?"

ገለጥኩ። "ዛሬ ቅጠሉ ሰሜን ግንብ። የሐጂ እርግቦች ኩሽናችን ገቡ። ሦስት።"

"ሦስት?" ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ። "የመለሳችሁልኝ ሁለት ነው!"

ሐጃ የተከናነቡትን ቶብ ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ደብተሩን ልዘጋ አልኩ። ግን የተጻፈ የተጻፈ ነው፤ ቀጣዩንም አነበብኩ። "ዛሬም ሰሜን ግንብ። አንዷን እርግብ የእኛ ድመት በላቻት። ሐጃ ለሐጂ አትንገሪ አሉ።"

መጀመሪያ የፈነዱት ሐጃ ናቸው። ከዚያ ሐጂ፤ ባቡር ጡሩምባ የነፋ እስኪመስል ሳቁ።

"አንቺ አዋላጅ! ይህን ሁሉ ጊዜ ጭልፊት በላት ብለሽ ጭልፊቱን ስታስረግሚኝ!"

"ኧረ እርግማኑ ደርሶባት የከሳችው ድመቴ ናት!" አሉ ሐጃ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጠርገው ደብተሬን መታ መታ አደረጉት። "የእመቤቷን ድመት ያልሸሸገች፣ ስለ ነፋስም ለማንም አታዳላም። በይ አንቺው ንገሪን፤ የት ይሁን?"

እርሳሴን አነሣሁ። በምዕራቡ ጠርዝ ከሆነ፣ ነፋሱ ወደ ሰሜን ቢሄድ የሚያገኘው መንገድ ነው፤ ወደ ደቡብ ቢሄድ ኳስ ሜዳ። ደቡብ ምሥራቁ ጥግ ደግሞ ዝናብ ይተኛበታል፣ ይተው አልኩ። መሐንዲሱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀና መስመሩን ለማስመር ማስመሪያዬን ለመነኝ። ሰጠሁት፤ ሲጨርስ ወዲያው ተቀበልኩት። ሐጂ ፈረሙ።

ኸሪፍ መጣ። ክምሩ ውስጥ እጄን ስከት እንደ ተቦካ ሊጥ ይሞቃል፤ ሲገላበጥ የሚሸተው ዝናብ የነካው አፈር ነው። ሐጂ ለሎሚ ዛፋቸው ብስባሽ ሊወስዱ ባልዲ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ።

የዚያን ዕለት መስመር ዛሬም ሳየው አንዲት ፊደል አልተጣመመችም፦

"ቅጠሉ ሰሜን ግንብ። ጭስ የለም። ሐጃ የዐስር ሻያቸውን ኒሙ ሥር ጠጡ። ሁለት ብርጭቆ።"