የታጠቡት ብሎኖች

ሚዛን ከተማ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ ዝናቡና ዝገቱ። ሬድዋን ሁለቱንም ድል ነስቻለሁ ባይ ነበር። ዕቃው ገና ከመኪና እንደወረደ ወረቀቱን ገሽልጦ ይጥላል፤ ወረቀት እርጥበት ይስባላ! ከዚያ ብረቱን በነጭ ጋዝ ያጥባል፣ በጨርቅ ይወለውላል፣ ዘይት ያስነካና በየመጠኑ ለይቶ በባዶ የወተት ጣሳ ይከተዋል። የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ «የሬድዋን ብሎን» ይላል፤ ፋብሪካውን ማን አስታውሶት!

ይህን ክብር የሚነፍገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከሱቁ ትይዩ በርና መስኮት የሚበይደው ተካ። «እኔ እሠራለሁ፣ አንተ ታቀብላለህ» ይለዋል ሻይ በጠጡ ቁጥር። ሬድዋን አብሮ ይስቃል እንጂ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሥራ አቀባይ ሆኖ መቅረቱ ያንገበግበው ነበር።

ታዲያ አንድ ድርጅት ወደ ማሻና ጫካ ውስጥ ወዳሉት ቀበሌዎች መድኃኒት በድሮን ሊያደርስ መጥቶ የመለዋወጫ አከፋፋይ ሲፈልግ፣ ቀድሞ የተገኘው ሬድዋን ነው። ለሙከራ አንድ ካርቶን ብሎን ላኩለት። ሜሮን የምትባል የጥራት መርማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳታየው ውሉ አይፈረምም ተባለ። ሬድዋን ምርመራውን አልጠበቀም። «ሬድዋን የአውሮፕላን መለዋወጫ» የሚል ሰሌዳ አስጽፎ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ተካን ጠርቶ አሳየው።

ካርቶኑ ሲከፈት እያንዳንዱ ብሎን ጽሑፍ በታተመበት ትንሽ ፕላስቲክ ታሽጓል። ሬድዋን ከልቡ አዘነላቸው። በዚህ ዝናብ ታፍነው ሊዝጉ አይደል! ሚስቱ ዙሌይካ፣ «የሱሀይላ አባት፣ የሰው ዕቃ ነው፣ እንደመጣ ተወው» አለችው።

«ሰማይ የሚወጣ ዕቃ እንዲህ ሆኖ አይወጣም» ብሎ ቀደደው። ፕላስቲኩን ከነጽሑፉ አቃጠለ። አጠበ፣ ወለወለ፣ ዘይት ቀባ። ከሁለት ፋብሪካ የመጡ ቢሆኑም መጠናቸው አንድ ነውና በአንድ ጣሳ ከተታቸው። የሠርጓ ቀን ሙሽራ እንኳ እንደነሱ አላማረችም።

ሜሮን ስትመጣ ጣሳውን በሁለት እጁ አቀረበላት። አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሽ ሬድዋን፣ ማሸጊያቸውስ?»

«ያ ቆሻሻ? አቃጠልኩልሽ።»

«የትኛው ከየትኛው ፋብሪካ ነው?»

«ምን ልዩነት አለው እህቴ? መንታ ናቸው።»

«ነገ አንደኛው ፋብሪካ ጉድለት አግኝቻለሁ፣ ዕቃዬን መልሱ ቢለን የትኞቹን እንመልሳለን?»

ሬድዋን ወደ ጣሳው አየ። ብሎኖቹ ያበራሉ እንጂ አይናገሩም።

ሜሮን ቀስ ብላ አስረዳችው። «ሠሪው የራሱ ደንብ አለው። ብረቱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ማን እንደፈተነው ያስመሰክራል። የአከፋፋይ ደንብ ሌላ ነው። ከማን እንደተረከቡ ማወቅ፣ እንደመጣ መጠበቅ፣ እንደመጣ ማስረከብ። እርስዎ የሚያስመሰክሩት ምንም እንዳላደረጉት ነው። እነዚህ ከእንግዲህ አይበሩም።»

ጣሳው ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈችበት። ሬድዋን፣ «አቤት፣ እጄ አመድ አፋሽ!» አለ። በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ተካ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «ምንም አለመሥራትን ተፈትኖ ወደቀ!»

ሳቁ ሜሮንን ሳያሳዝናት አልቀረም። አንድ ካርቶን ደግሜ እልካለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የለም አለች።

ሁለተኛው ካርቶን መጣ። ሬድዋን ማኅተሙን ከሰነዱ ጋር አመሳክሮ ከፍ ያለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ዝናቡም ይህንን የሰማ ይመስል ወረደ። ሰውየው ጨርቅ በእጁ ይዞ ካርቶኑን ይዞረው ጀመር። በመጨረሻ ዙሌይካ ጨርቁንም ነጭ ጋዙንም ነጥቃ ቆለፈችባቸው። ሬድዋን በሕይወቱ እንዲህ የከበደ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ሜሮን ተመልሳ መጣች፣ አየች፣ ፈረመች። የአከፋፋይነት የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተሰቀለ። ተካ አንብቦ፣ «ምን ሠራ ብለው ሰጡህ?» አለው።

«ምንም!» አለ ሬድዋን አገጩን ቀና አድርጎ።

ድሮኑ ወደ ማሻ በበረረበት ቀን መንገዱ ሁሉ አንጋጦ ቆመ። አንዱ የባጃጅ ሾፌር፣ «የሬድዋን ብሎን!» ብሎ ጮኸ። ሬድዋን ቸኩሎ፣ «እጄ አልነካውም፣ አልሐምዱሊላህ!» አለ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

ድሮኑ ከዓይን ሲጠፋ እጁን አየው። ዘይት የለበት፣ ጥፍሩ ውስጥ እንኳ ጥቁር ነገር የለም። ከመንገዱ ማዶ የተካ እጅ እስከ አንጓው ጠቁሯል። ሬድዋን ከፋው።

ቤት ገብቶ ነጭ ጋዙን ጠየቀ። ዙሌይካ ለምን ሳትለው ሰጠችው። ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትን ጣሳ አወረደና የማይበሩትን ብሎኖች እንደገና ያጥባቸው ጀመር።