የሮማነወርቅ ፍላሽ

ሮማነወርቅ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋን ሱቄ በረንዳ ላይ ከተከለች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። እኔ ሙዚቃና ትረካ በፍላሽ እየጫንኩ እሸጣለሁ። ስሜ ኡበይደላ ነው፤ የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ስለሆነ ስሜን አልደብቅም።

ባሏ አምባዬ ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። "ነበር" ማለቴን ብትሰማ ትቆጣኛለች። ጠዋት "አካም ቡልቴ፣ ኡቤ?" ብሎ በኦሮምኛ ደህና ማደሬን ይጠይቀኝና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ይቀመጣል። ሻዩን ጨርሶ፣ እኔን በአንድ ነገር ሳያናድደኝ አይሄድም።

ዓምና አንድ የታወቀ የድሮ ልብወለድ በሬዲዮ ተተርኮ እንዳለቀ፣ ተከታታይ ፊልሙ በአማርኛ ድምፅ በቴሌቪዥን ሊታይ ነው ተባለ። አምባዬ መጽሐፉን ሳልሰማ አላይም አለ።

"ፊልም ሌላ ሰው የመረጠውን ፊት ነው የሚሰጥህ። መጀመሪያ እኔ በልቤ ፊት ልስጣቸው" አለኝና ትረካውን እንድጭንለት አዘዘኝ።

አስራ ዘጠኝ ክፍል ነው። በየመግቢያው የሳሙና ማስታወቂያ ስለነበረበት ቆርጬ ጣልኩት፤ ተራኪው የክፍሉን ቁጥር የሚናገርበትም አብሮ ሄደ። ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 እያልኩ ሰይሜ ሰጠሁት። የመኪና ቴፕ ግን እንደ ሰው አይቆጥርም። የፊተኛዋን አኃዝ አይቶ ከአንድ ቀጥሎ አስርን ያጫውታል፤ እስከ አስራ ዘጠኝ ይሄድና ነው ወደ ሁለት የሚመለሰው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ እንጀራ የበላሁ ሰው ይህን መርሳቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እሁድ እሁድ ሮማን ጋቢና ገብታ አብራው መቂ ትሄዳለች። በደርሶ መልስ ሁለት ክፍል ይሰማሉ፤ ለየብቻ መስማት ክልክል ነው ተባብለዋል። ታሪኩ መንግሥት የየቤቱን ወንበር ስለሚቆጥርባት ከተማ ነው። ሰው ሲወሰድ ወንበሩም ይወሰዳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ቤት ሌላ ወንበር ኖሮ አያውቅም ብሎ ይምላል። አንድ ሰውዬ ይወሰድና ሚስቱ ወንበሩን ደብቃ ትጠብቀዋለች። በእነሱ ፍላሽ ላይ ግን፣ ያ ሁሉ መከራ ካለፈ በኋላ ባልና ሚስቱ ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጠው እራት ይበላሉ፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው አብረው ይኖራሉ።

"እንዴት እንደተመለሰ እንኳ አይናገርም። ድንገት እራት ላይ ነው የምናገኘው" አለችኝ ሮማን፣ ፊቷ በርቶ። አምባዬም ደራሲ ማለት እንዲህ ነው አለ። እኔ ሳልሰማው እንደሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰምተው በጨረሱ በሦስተኛው ሳምንት፣ አምባዬ ማክሰኞ ጠዋት መቂ ላይ ሽንኩርት ጭኖ ወጣና የሄደበት ሳይደርስ ቀረ። መኪናው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ሽንኩርቱ እንደተጫነ ተገኘ። ማን ወሰደው? የሚናገር የለም፤ ስልክ የደወለም የለም። ሮማን ሁለት ወር ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። የመኪናው ባለቤት ፍላሹን ብቻ አምጥቶ ሰጣት።

መጀመሪያ ሰሞን ያገኛት ሁሉ "ምን ተሰማ?" ይላት ነበር፤ ቀስ በቀስ ተዉ። እኔም ስሙን ማንሳት ተውኩ። እንዳይከፋት ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። እሷ ዱካዋን ጠዋት ጠዋት ታወጣለች። ደንበኛ ሊቀመጥ ሲል "ሰው አለበት" ትላለች።

ፊልሙ ቅዳሜ ከሰዓት መታየት ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ተናዳ መጣች።

"አበላሽተውታል፣ ኡቤ። ከተመለሰ በኋላ የሚበሉትን እራት በመጀመሪያው ቀን አሳዩት።"

ፋይሎቹን የሰየምኩበት ቁጥር ትዝ አለኝ። እሷ ስትወጣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ በተራው እየዘለልኩ ሰማሁት። እራቱ ክፍል ሁለት ላይ ነው። ክፍል አስራ ዘጠኝ ላይ ወንበር የሚቆጥረው የመንግሥት ሰው ይመጣል፤ ሚስትየዋ የደበቀችውን ወንበር በገዛ እጇ አውጥታ ታስረክበውና "እዚህ ቤት ድሮም አንድ ወንበር ነው ያለው" ትለዋለች። በዚሁ ያልቃል። ሰውዬው አይመለስም።

ያን ዕለት መንገር ነበረብኝ። ዘጠኝ ቅዳሜ አለፈ። በየሰኞው "መመለሱን መቼ ነው የሚያሳዩት?" ስትለኝ፣ "ጠብቂ እንግዲህ" እላታለሁ። እንደዚያ ያለ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል በታየ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት መጣች። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"አንተ ነህ አይደል ያዘበራረቅከው?"

"እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፣ ሮማን።"

"መቼ አወቅክ?"

"ፊልሙ የጀመረ ሰሞን።"

ብትሰድበኝ በወደድኩ። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ፍላሹን ሰክቼ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ባሉት ቁጥሮች ፊት ዜሮ መጨመር ጀመርኩ፤ እንደዚያ ከሆነ በተራው ይጫወታል። አራት ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"እያስተካከልኩት ነው።"

"ማን አስተካክል አለህ? እንደነበረው አድርግልኝ። በዚያኛው ይመለሳል።"

ዜሮዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁላት።