በጣት የተመረጠው ሬዲዮ

ዝናቡ ቀድሞ የመጣበት ክረምት ነበር። ዘሩ መሬት ከመንካቱ ዳመናው ከምዕራብ ተግተልትሎ መጣ፤ ቀዩ አፈር አቧራ መሆኑን ትቶ ጫማ ላይ ይለጠፍ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያነጋል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ በመኪና መስታወት ገብታ ጭን ላይ ትቀመጣለች። እንዲህ ባለው ክረምት የሰው ፊት ይፈታል። ስንዴው ብቅ ብቅ ሲል ያየ ገበሬ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያጉረመርም የከረመው እንኳ፣ ሱቅ ሲገባ ያፏጫል። ያን ጊዜ በትንሿ የገጠር ከተማችን በዳንዋራ ሁሉም ሰው ደህና የሆነ ይመስል ነበር። መቼም ሲመስል ነው።

ቅዳሜ ደግሞ ኳስ አለ። ሰዉ መኪናውን ይዞ ይመጣና አፍንጫውን ወደ ሜዳው አዙሮ በአጥሩ ዙሪያ ይደረድራል። ቦታው ላይ ስም አልተጻፈበትም፤ ግን የማን ቦታ የት እንደሆነ አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የዳንዋራ ልጆች ጎል ሲያገቡ ያ ሁሉ መኪና አንድ ላይ ክላክስ ያደርጋል፤ ውሻ ይጮኻል፣ በቀቀኑ ከባሕር ዛፉ ላይ ግር ብሎ ይነሳል። ብርዱን ፈርቶ ከመኪናው የማይወርድም ብዙ ነው። ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ሻዩን ከፔርሙስ እየቀዳ፣ የወረዳው ሬዲዮ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ እየሰማ ያያል።

የቬርናና የባሏ የክሌም ቦታ ከውጤት ሰሌዳው በስተግራ ነበር። መኪናቸው የተጋቡ ሰሞን የገዟት ሆልደን ናት፤ ገላዋ የወተት ቀለም፣ ጣሪያዋ ውሃ ሰማያዊ። ሦስት ልጆች ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጡት በሷ ነው። ክሌም ለሷ ያለውን ፍቅር ለሰው አይናገርም፤ እሁድ እሁድ በቆዳ ጨርቅ ሲወለውላት ያየ ግን ይገባው ነበር።

የክሌም ዓይን መሃሉ ሄዶ ነበር። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊት ግን ክብ ጉም ተደቅኖበታል። ከሰው ጋር ሲያወራ ጆሮ ጆሮውን የሚያየው ለዚህ ነው፤ እንደዚያ ሲያደርግ የሰውየው ፊት በጥቂቱ ይገባለታል። ትልቁ ከተማ ሆርሻም ያለው ሐኪም፣ የሄደው አይመለስም ብሎ ነግሮታል። ከሐኪሙ ወጥተው መኪና ውስጥ ሲገቡ ክሌም ቁልፉን ለቬርና ሰጣትና «ይሄ ነገር ካንቺና ከኔ እንዳይወጣ» አላት። አልወጣም። መንዳት የተወው በጉልበቱ ምክንያት ሆነ። ካርታ መጫወት የተወው ሰለቸኝ ብሎ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መዘምራንም ድምፄ ደክሟል ብሎ ወጣ። ቬርና እያንዳንዱን ሰበብ ባሏ በሰጣት መልኩ ለሰው ታቀብል ነበር፤ ማታ ስትተኛ የትኛውን ለማን እንደነገረች ታስባለች።

የቀረችው ቅዳሜ ብቻ ነበረች። እሷንም ያቆየለት የመኪናው ሬዲዮ ነው። ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራ ሬዲዮ ነበር፤ ግራና ቀኝ ሁለት ማዞሪያ፣ መሃሉ ላይ ወፍራም ወፍራም አምስት ቁልፎች። ሁለተኛውን ሲጫነው ቀጭ ይልና የወረዳው ጣቢያ ይመጣል። ኳሱን ማን እንደያዘው አስተላላፊው ይነግረዋል፤ እሱ ደግሞ በዓይኑ ዳር የሚሮጠውን ቀለም ይይዝና ሁለቱን ያገጣጥማል። ሰው መስኮቱ ላይ ተደግፎ ያችን ኳስ አየሃት ወይ ሲለው፣ አየኋት ይላል። በራሱ መንገድ አይቷታል።

ያን ክረምት ጣቢያው ወደ ኤፍ ኤም ተዛወረ። ድምፁ ሊጠራ ነው ተብሎ ሁሉም ደስ አለው። የሆልደኗ ሬዲዮ ግን ኤፍ ኤም እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። ምንም አልተበላሸም። ቁልፉ ቀጭ ይላል፣ መብራቱ ይበራል፤ የሚመጣው ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ብቻ ሆነ። ቬርና የወጥ ቤቷን ትንሽ ሬዲዮ ይዛለት ሄዳ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ ስትሆን ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ ክሌምም እንደ በሽተኛ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰው እንዲያየኝ ነው ወይ ብሎ መለሰላት። ከዚያ በመጪው ቅዳሜ እቤት እቆያለሁ አለ። ያላት ይቺን አንዷን ቅዳሜ ብቻ ነው። ቬርና ግን ይህ አንድ ቅዳሜ ሁለት እንደሚሆን፣ ሁለቱም እንደማያልቅ አወቀች። ክሌም አንድ ጊዜ የተወውን ነገር ተመልሶ ሲይዝ አይታው አታውቅም።

ሰኞ ዕለት ጃኔል ጋ ሄደች። ጃኔል የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ሳቂታ ሴት ናት። የሜርቭ ልጅ ነች፤ ሜርቭ ደግሞ ሜዳው ላይ ከነቬርና ጎን የሚያቆመው፣ በመስኮታቸው እየመጣ ስለ ጨዋታው የሚለፈልፈው ሰውዬ ነው። ጃኔል ከመደርደሪያዋ አንዱን አወረደች፤ ባለ ትልቅ ስክሪን፣ እንደ ቴሌቪዥን የሚያበራ። ይሄን ለመግጠም ዳሽቦርዱ ጥቂት ይቆረጣል አለች። ቬርና ክሌም በዚያ ልሙጥ መስታወት ላይ ጣቱን ሲያንከራትት ታያትና እምቢ አለች። ለምን እምቢ እንዳለች ግን መናገር አትችልም። ስለዚህ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች፤ የመኪናዋ መልክ እንዳይነካብኝ ነው አለች።

«እትዬ ቬርና፣ እርስዎም ገቡበት?» አለች ጃኔል። «አንድ ብሎን አዲስ ሆነ ብለው ከሚያለቅሱት ከነዚያ የመኪና ማኅበርተኞች ጋር?»

ቬርና አዎ ገብቻለሁ አለች፤ ሌላ ምን ትበል። ይቺ ትንሽ ውሸት ናት ያሳሳተቻቸው። ጃኔል ደግ ሰው ነችና ያሮጌ መኪና ወዳጆች የሚመኙትን ነገር አሰበችላቸው። አሮጌው ሬዲዮ ለመልክ እንዳለ ይቀመጣል፤ አዲሱ የክብሪት ሳጥን የምታክል ዕቃ ሆኖ ከዕቃ መያዣው ኋላ ይደበቃል፤ የሚታዘዘው በስልክ ነው። እንዲህ ሲሠራ በአሮጌ መኪና ውድድር ላይ የትኛውም ዳኛ አያውቅባችሁም አለች ደስ ብሏት። ቬርናም ዳሽቦርዱ አለመቆረጡን ብቻ አይታ እፎይ ብላ ወደ ቤቷ ነዳች። ስልኩን እኔ ከፍቼለት እሄዳለሁ፣ እሱ መስማት ብቻ ነው ብላ ነበር ያሰበችው።

ቅዳሜ እንዳሰበችው ከፈተችለት። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲመጣ ክሌም ፈገግ አለ። እሷም የሥጋ ፓይና ቺፕስ ወደሚሸጥበት ቤት ሄደች፤ ተራዋ ነበር፤ ሽንኩርት ስትጠብስ እስከ እረፍት ድረስ አትወጣም። ጨዋታው እንደተጀመረ ግን አንድ ሰው በስህተት ደወለ። ስልኩ ጮኸ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ተወ፤ ሬዲዮው ግን አልተመለሰም። ክሌም ስልኩን አገላበጠው። ፊቱም ጀርባውም ለጣቱ አንድ ነው። ከዚያ የለመደውን ሁለተኛ ቁልፍ ተጫነ፤ ቀጭ አለ፤ ካፊያው ብቻ። በመስኮቱ የሚመጣው የሜርቭ ልፍለፋም ሬዲዮውን አልተካለትም።

በእረፍት ቬርና የሽንኩርት ጠረን ይዛ ስትመጣ ስልኩን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ አገኘችው።

«ወደ ቤት ውሰጂኝ» አላት።

«ገና እረፍት እኮ ነው ክሌም።»

«ውሰጂኝ አልኩሽ።»

ጨዋታ ሳያልቅ ከአጥሩ ላይ መኪና ወደ ኋላ አውጥቶ የሚሄድ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ወይም ሚስቱ ምጥ የያዛት ሰው ነው። ሆልደኗ ስትወጣ ሁሉም ዞሮ አየ። ሜርቭ ከመኪናው ወርዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ቬርና መሪውን ይዛ ግንባሯ እንደ እሳት ነደዳት። ክሌም ሲገባ ባርኔጣውን ከመስቀያው ላይ ሰቀለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለተኛ እንደማያወርደው ሰው።

ሰኞ ቬርና ከጃኔል በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ ገና ሱቁ አልተከፈተም። ቃሏን ልታፈርስ መምጣቷን ሌሊቱን ሙሉ ስታወጣና ስታወርድ አድራለች። ጃኔል በሩን ከፍታ ሳትጨርስ ተናገረችው። ክሌም አያይም አለቻት። ሬዲዮው ለመልክ አይደለም፣ ስለ መልክ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው፣ በጣቱ የሚያገኘው ነገር ካልሆነ ቅዳሜን ሊተዋት ነው አለቻት።

ጃኔል ቁልፉን ከበሩ ላይ ሳታወጣ ወደሷ ዞረች።

«እትዬ ቬርና፣ እኛ እኮ እናውቃለን።»

«እናንተ ማናችሁ?»

«ሜዳው ሁሉ ነዋ። አባቴ ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመስኮታችሁ የሚለፈልፈው ለምን ይመስልዎታል? እቤት ሲገባ እኮ ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ የሚሰንፍ ሰው ነው። እናቴ፣ የክሌምን ሩብ ያህል ቢያወራኝ ትላለች።»

ቬርና የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀች። ጃኔል እየሳቀች ነገረቻት፤ አንድ ቀን ክሌም ከሱቁ ደጅ የነዳጅ መቅጃውን «እንደምን ዋልክ ሜርቭ» ብሎት ነበር። ሜርቭ ደግሞ ጥቂት እልፍ ብሎ ቆሞ ኖሮ፣ ተጠግቶ «ደህና ነኝ ክሌም» ብሎ መለሰለት። ለልጁ ከነገራት በኋላ ሁለተኛ አላነሳውም። እሱ ሳይል እኛ ምን ብለን እናነሳዋለን አለች ጃኔል።

ቬርና ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ መልሳ ሳቀች። ያ ሁሉ ሰበብ፣ ያ ሁሉ ማን ምን ተነገረው እያሉ ማሰላሰል፣ ጠባብ ጫማ እንደ ማውለቅ ሆነላት። ትከሻዋ ሲወርድ ራሷ ተሰማት።

«በሉ አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለቻት ጃኔል። ያላትን ሬዲዮ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ቬርና ጨፈነች። የመጀመሪያው ለመንካት እንደ መስኮት ነው፤ አልፋው ሄደች። ሁለተኛው ሲያዩት ቁርጥ አሮጌውን ይመስላል፣ ኒኬሉ የሚያብለጨልጭ፣ የመኪና ማኅበርተኞቹ ሁሉ የሚያስገጥሙት እሱን ነው። ማዞሪያውን ስትይዘው ግን ያለ ማቆሚያ ይዞራል፤ የት እንደደረሰች የሚነግራት ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። እሷ ልትወደው ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና ባትሆን ትወስደው ነበር። ሦስተኛው ፊቱ ጥቁር ፕላስቲክ፣ መልከ ጥፉ ነገር ነው፤ ጃኔልም ማንም አይገዛውም ብላ ከታች ወርውራው ኖሯል። ሁለቱ ማዞሪያዎቹ ግን ልክ በአሮጌው ቀዳዳ ይገባሉ፤ የድምፁ ማዞሪያ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ከሥሩም አምስት ቁልፍ፣ ሲጫኑት የሚሰጥም፣ ሲለቁት የሚመለስ።

«ይሄ ነው» አለች ቬርና ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አስቀያሚ ነው እኮ።»

«ማን ሊያየው?»

ሁለቱም እስኪያስሉ ሳቁ። ጃኔል ዳሽቦርዱን ሳትቆርጥ ገጠመችው። ጣቢያውን የለመደው ሁለተኛ ቁልፍ ላይ አደረገችው፤ ቁልፉም ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል የሙጫ ጠብታ አስቀመጠች፤ ደረቀችና ለጣት ጠጠር ያለች ምልክት ሆነች።

ቅዳሜ ክሌምን ከቤት ማስወጣት ቀላል አልነበረም። ቬርና ለምና፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻ ብቻዬን እሄዳለሁ ብላ ሞተሩን ስታስነሳ ባርኔጣውን ይዞ ወጣ። ቦታቸው ባዶውን ይጠብቃቸው ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ክሌም እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ሰደደ። ጣቱ አንደኛውን ቁልፍ አለፈና ሁለተኛው ላይ ቆመ። ጠብታዋን ዳሰሳት። ደግሞ ዳሰሳት።

«ነገርሻት።»

«ነገርኳት። ታውቅ ነበር።»

«ሌላስ ማን ያውቃል?»

«ሁሉም፣ ክሌም።»

ክሌም ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ቬርና የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። ከዚያ ክሌም ቁልፉን ተጫነው፤ የአስተላላፊው ድምፅ፣ የኖስኬ ልጅ ኳሷን ይዞ በክንፍ በኩል እየመጣ ነው እያለ፣ መኪናውን ሞላው። ወዲያው ሜርቭ መጥቶ መስኮቱ ላይ ተደገፈ። ጥቂት ሰማና ረዥም ትንፋሽ አወጣ።

«እፎይ» አለ። «ጉሮሮዬ ሊያርፍ ነው።»

ክሌም ወደሱ ዞሮ ጆሮውን አየው።

«አንተ ሽማግሌ፣ እኔ እኮ ለፍላፊ ነህ ብዬ ነበር ይሄን ሁሉ ዓመት የቻልኩህ።»

ሜርቭ እጁን በመስኮት አስገብቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ክሌም ሳቀ፤ ቬርና ከሐኪሙ ቀን ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ከፔርሙሱ ለሦስቱም ሻይ ቀዳች። ያን ቀን ዳንዋራ ተሸነፈ፤ ከዚያ መኪና ውስጥ ግን ማንም ልብ አላለውም።

ክሌም ከዚያ በኋላ ጥቂት ክረምት ኳስ አየ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ካርታውም ተመለሰ፤ ሜርቭ ካርዱን ጆሮው ላይ ያንሾካሹክለታል፣ ማንም የሚያማርር አልነበረም። ሲሞትም የተቀበረው ዳንዋራ ነው። ቬርና እርሻውን ለልጆቿ ትታ ወደ ሆርሻም ሄደች። ባለፈው ፀደይ ሊጠይቋት የሄዱ ሰዎች ወንዙ ዳር ባለው መንገድ፣ ከሴት ልጇ ቤት ጓሮ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አገኟት። እስካሁንም እዚያው ናት።