ድመቷ የተወነጀለችበት ሸክላ

ሸክላ ስል ድስትና እንስራ የሚመጣባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ የማወራው ስለሚዘፍነው ሸክላ ነው፤ ስለ ጥቁሩ፣ ስለ ክቡ፣ መርፌ ሲያርፍበት አፍ ስለሚያወጣው። እኛ ቤት እንደዚህ ያለ ሁለት መቶ ገደማ አለ፤ ሁሉም የወንድም ጋሼ ነው። ወንድም ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ከአስተማሪነት፣ እኔ ከፍርድ ቤት ታይፒስትነት ጡረታ ወጥተን፣ የተወለድንበት ቤት ሲፈርስ በደረሰን የልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። ስድሳ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ እሱ እስከ ዛሬ ሚጣ ይለኛል።

ከሁለት መቶው አንዷ ግን የዓይኑ ብሌን ናት። አምስት ሰዎች የሚጫወቱት የድሮ ጃዝ ነው፤ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖ፣ ባስና ድራም። ወጣት አስተማሪ ሳለ አንድ ፈረንጅ ባልደረባው ወደ አገሩ ሲመለስ ለመታሰቢያ ትቶለት የሄደው ነው። በሁለተኛው ፊት ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ዜማ መሀሏ ላይ ጭረት አለባት። ትራምፔቱ የሚለውን ብሎ ሲያበቃ መርፌው «ቅብ» ይልና ይዘላል፤ ሲያርፍ ሁሉም እየተጫወቱ ነው። የሚዘለለው ጥቂት ሰከንድ ቢሆን ነው። እዚያ ቦታ ሲደርስ ወንድም ጋሼ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አጭር በር እንደሚያልፍ ሰው። ከሃምሳ ዓመት በላይ እንዲሁ ሲጎነበስ ኖረ። ስልክ ላይ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ እውነትም የእነዚህ ሰዎች ሌላ ሌላው ሥራቸው ሁሉ አለ። ይቺ ሸክላ ግን ያኔ በጥቂቱ ታትማ ቀርታ የትም የለችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት እንግዶች ይመጣሉ። አንደኛው ሐጂ ናቸው፤ ምድር ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ወሎዬ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ መርፌ በወረቀት ጠቅልለው ከች የሚሉ። ማጫወቻው ዛሬም በሕይወት ያለው በእሳቸው እጅ ነው። ሁለተኛው ጠበቃ ነው፤ ችሎት ፊት ሲንተባተብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀው፣ አሁን ግን ዝም በል ቢሉት የማይሰማ። ሻይና ቦምቦሊኖ አቀርባለሁ፤ ሦስቱ ሸክላ በመስማትና በመሟገት ያመሻሉ። የእነዚሁ አምስት ሰዎች የአንዱ ሸክላቸው የመጀመሪያ እትም ሽፋኑ አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ? በዚህ ትልልቅ ሰው ይኮራረፋል። ጠበቃው አረንጓዴ ይላል፣ ሐጂ ሰማያዊ፤ አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ሁለት ቅዳሜ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ጠጥተዋል። እኔ ጃዝ አልወድም እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ውሸት ካነሳን አይቀር፣ ያቺን ጭረት ያወጣኋት እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ወንድም ጋሼ ሸክላዎቹን እንዳልነካ አስጠንቅቆኛል፤ ሲቆነጥጥ ደግሞ ጆሮ ይዞ ይቀራል። አንድ ቀን ጠዋት ያቺን ሸክላ ማጫወቻው ላይ ትቷት ሥራ ሄደ። እኔ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ፣ መርፌውን አሳርፌ አዳምጥ ጀመር። መሀል ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ክንዱን በድንጋጤ መነጨቅኩት፤ «ክርርር» አለ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጀርባዬን ይበላኛል። ሁሉን እንደነበረ ትቼ ጓሮ ወጣሁና ጎመን ስቀነጥስ ተገኘሁ። ማታ ጭረቷ ስትታወቅ ቤቱ ታመሰ። እናታችን ድመቷ ማጫወቻው ላይ መተኛት እንደምትወድ አስታወሰች። በቃ፣ ድመቷ ያለ ጠበቃ ተፈረደባትና ሰንጋ ተራ ላለ ሥጋ ቤት ተሰጠች። ድመትን ወደ ሥጋ ቤት ማጋዝ ቅጣት ከተባለ ማለቴ ነው፤ በኋላ ሳያት ከውፍረቷ የተነሳ መራመድ አቅቷታል። እኔ ግን አፌን እንደዘጋሁ አደግሁ፣ አረጀሁ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? የእኔ ዝምታ ነቅዟል።

ካቻምና አንድ ቅዳሜ ጠበቃው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ። ስልኩ ላይ እንዳነበበው፣ የእነዚያን ሸክላዎች መብት የያዘ የውጭ አገር ኩባንያ የአምስቱን ሰዎች ሥራ በሙሉ ድምፁን አጽድቶ፣ እንደገና በሸክላ አትሞ በአንድ ሳጥን ሊያወጣ አስቧል፤ ግን የሚፈልገው ሰው መኖሩን እርግጠኛ ስላልሆነ ፈላጊዎች እንዲጽፉለት ጠይቋል። ጠበቃው ከሳጥኑ ጋር የሚወጣው መጽሐፍ የሽፋኑን ቀለም ነገር ያለቀለት ያደርገዋል ብሎ ሐጂን በጎን አያቸው። ሐጂም ያን ቀን የሚያፍር ሰው እንዳለ እሳቸውም እንደሚያውቁ ተናገሩ። ወንድም ጋሼ የጠየቀው ሳጥኑ መቼ እንደሚወጣ ብቻ ነው።

ለምን እንደጠየቀ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ወር ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። የግራው አብቅቶለታል፣ የቀኙም እየሄደ ነው፤ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው ተባልን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እንዲህም ማለት መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔን ጭንቅ ያዘኝ። ሳጥኑ ዘግይቶ ጆሮው ከቀደመ፣ ያበላሸሁበትን ቦታ አንዴም በደንብ ሳይሰማው ሊቀር ነው። የወሰድኩበትን የምመልስበት ሌላ መንገድ የለኝም።

ደብዳቤውን ማን ይጻፍ ሲባል ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የመታሁት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ሌላ አላውቅም። የጠበቃውን ላፕቶፕ ሳብኩና ጀመርኩ። አመልካቾች፦ አራት የልደታ ነዋሪዎች። ተጠሪ፦ ኩባንያው። የምንጠይቀው ዳኝነት፦ ተጠሪ ሳጥኑን ሳይውል ሳያድር እንዲያወጣ ይታዘዝልን። ማስረጃ፦ አንደኛ ሸክላው፣ ሁለተኛ የሰው ምስክር፣ ሐጂ። ጠበቃው ሳቅ አላስወራው አለ፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ይህን ቢያዩ ይቀጥሩሻል አለኝ። ሐጂ ግን ምስክር መባላቸውን ወደውት፣ ሰው ሲጠይቅ እንዲህ በወግ ነው ብለው አጸደቁልኝ። ጠበቃው ወደ እንግሊዝኛ ሊመልሰው፣ እኔ በአማርኛ ልጨርሰው ተስማማን።

ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ የሚለው ጋ ስደርስ ወንድም ጋሼ ራሱ አስጻፈኝ፤ በቤት ውስጥ በነበረች ድመት በይ አለኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ወረድኩ። ማመልከቻ ሁሉ ከፊርማው በላይ አንድ የማይቀር ቃል አለው፤ ይህ ማመልከቻ በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል። ስንቴ መትቼዋለሁ! ሽንጣቸውን ገትረው ለሚዋሹ ሰዎች ሁሉ መትቼላቸዋለሁ፣ በልቤ እየታዘብኩ። ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ይጽፉታል። ያን ቀን «በእውነት» ላይ ደረሱና ቆሙ። ቆሙ ስላችሁ ቆሙ። አፈርኩ፤ ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ወደ ላይ ተመለስኩና ድመቷን አጥፍቼ «በሁለተኛዋ አመልካች እጅ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛዋ አመልካች እኔ ነኝ።

ጽሑፍ ሲያልቅ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ደንቡ ነው። እኔም ብልጥ ነኝና ወንበሬን በወንድም ጋሼ ግራ፣ አብቅቶለታል በተባለው ጆሮ በኩል አስጠግቼ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ቦታ ስደርስ ድምፄን ቀነስኩ፣ ፍጥነት ጨመርኩ። ሐጂ ስኳራቸውን ማማሰል አቆሙ። ጠበቃው ቦምቦሊኖውን አፉ ሳያደርስ ያዘው። ወንድም ጋሼ ባይሰማም ፊት ያነባል፤ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲፈትን የኖረ ሰው ነው። አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ድገሚው» አለኝ።

ወንበሬን አንስቼ በቀኙ በኩል ዞርኩ።

«ድመቷ አይደለችም፣ ወንድም ጋሼ። እኔ ነኝ።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ክው አልኩ፣ ለካ እየሳቀ ነው። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ዓይኑን እየጠረገ ድመቷ ይግባኝ የማለት መብት አላት አለ። ሐጂ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉና፣ ይቺ ግን ትንሽ በዛ አድርጋ አደረች ብለው ጨመሩበት። ጠበቃው ተነስቶ ነገሩ በይርጋ ቀርቷል፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንም አይጠየቅም እያለ ሊከራከርልኝ ሞከረ። ወንድም ጋሼ እጁን አንስቶ አስቀመጠው።

«ይርጋ የለም» አለ። «ቅጣትሽ ይኼ ነው፣ ሚጣ። ያጠፋሽብኝን አንቺው ታሰሚኛለሽ።»

ሳጥኑን አስመጪ ማለቱ ነው ብዬ ፍርዱን ተቀበልኩ። ያን ቀን ማታ የተኛሁትን እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ ተኝቼው አላውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ከኩባንያው መልስ መጣ። ጠበቃው ሲተረጉምልን «ተጠሪ ክሱን አምኗል» የሚል ቃል አለበት አለ። ጠበቃ ነውና አላመንኩትም፤ ሳጥኑ ግን እንደሚወጣ እርግጥ ሆነ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ ሥራችን። ወንድም ጋሼ መጀመሪያ የበሩ ደወል ጠፋበት። ቀጥሎ፣ ልደታ ማርያም ግቢ ዛፍ ላይ የሚንጫጩት ወፎች ምን ነካቸው ብሎ ጠየቀኝ። ጾም ይዘው ይሆናል አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሐጂ በየቅዳሜው ድምፁን አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋሉ፤ ጎረቤቶች እንዳያማርሩ ደግሞ የሁሉንም ሬዲዮ በነፃ ይጠግናሉ። ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አብሽሪ» ይሉኛል፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። እኔም እሺ እያልኩ፣ ሳጥኑንና ጆሮውን ሳሽቀዳድም ዓመት ከምናምን አለፈ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የጠበቃው የአክስት ልጅ ከውጭ ስትመጣ ይዛልን መጣች። ኤርፖርት ሻንጣዋን የፈተሸችው ልጅ ምን እንደሆነ ብትጠይቃት ሸክላ ነው ትላለች፤ ልጅቷም ይሄን ሁሉ መንገድ ሸክላ ተሸክመሽ፣ እዚህ ጠፍቶ ነው ወይ አለቻት አሉ። ሳጥኑ ጥቁር፣ ከባድ፣ ስምንት ሸክላ ያዘለ ነው። መጽሐፉ ተገለጠና የሽፋኑ ቀለም ታየ፤ ቡና ዓይነት ነው። ጠበቃውና ሐጂ ተያዩና ስለ ቀለም ማንም ያነሳ ሰው እንደሌለ ሆነው ተቀመጡ። ወንድም ጋሼ አዲስ ሸሚዙን ለብሷል። እጁን ታጠበ፣ የኛዋን አወጣት፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ ብርሃን ላይ አገላበጣት። ጭረት የለባትም።

ሐጂ መርፌውን ሦስተኛዋ ዜማ ላይ አሳረፉ። ወንድም ጋሼ ቀኝ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ተቀመጠ። ትራምፔቱ መጣ፣ የሚለውን አለ፣ አበቃ። ወንድም ጋሼ እንደ ልማዱ አንገቱን ዝቅ አደረገ። መርፌው አልዘለለም። ሌሎቹ ሁሉ ዝም አሉና ፒያኖው ብቻውን ቀረ፤ በቀኝ እጅ ብቻ፣ በቀጫጭኖቹ ድምፆች ላይ፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ በጣም በቀስታ። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ነበር የነፈግኩት። ጠበቃው ሳይቀር አፉን ያዘ። ከዚያ ሌሎቹ ተመልሰው ገቡ፤ ወንድም ጋሼም ቀና አለ።

«እዚያ ጋ ዝም ነው እንዴ የሚሉት?» አለን።

አልሰማውም። ቀጭን ድምፅ ነዋ። ሳጥኑ መጣ፣ ዘገየ፣ ጆሮው ቀደመ። ፍርዱ ትዝ አለኝ፤ ያጠፋሽብኝን አንቺው ታሰሚኛለሽ ያለኝ። ሐጂን መርፌውን እንዲመልሱልኝ ለመንኳቸው። መለሱልኝ። ፒያኖውን በጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ ተከተልኩት፤ ሳትኩ። ደግመው መለሱ፣ ደግሜ ሳትኩ። አይሰለቻቸውም፣ እጃቸውም ፀጉር አይስትም። በአራተኛው ጣቶቼ ያዙት፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ሲከተሉ የኖሩ ጣቶች ናቸው። በአምስተኛው የወንድም ጋሼን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰብኩና ትራምፔቱ ሲያበቃ ክንዱ ላይ መታሁለት፤ ጠብ ጠብ፣ ፒያኖው ባለው ልክ፣ አንዷንም ሳልዘል።

ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አንገቱን ዝቅ አላደረገም። ሌሎቹ ሲገቡ ዓይኑን ገለጠና ክንዱን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ድገሚው» አለኝ።

ሐጂ ሳይጠየቁ መርፌውን መልሰውት ነበር።